የጉደር ዳኞች

ስለ ጠጅ የሚናገር ሰው በአገራችን ቃል አጥቶ አያውቅም። ለጋ ነው ይላል፤ በስሏል ይላል፤ ጌሾው በዝቶበታል፣ ማሩ ተቆጥቦበታል፣ ውሃው አይሏል እያለ የብርሌውን አንገት ይዞ ሲተነትን ቢያመሽ የሚሰለቸው አድማጭ የለም። የጠላም ነገር እንዲሁ ነው። የጋኑ መታጠን፣ የአሻሮው መቆላት፣ የድፍድፉ ዕድሜ ሁሉ የየራሱ ቃል አለው። ወደ ወይን ጠጅ ሲመጣ ግን ያ አንደበተ ርቱዕ ጠጪ ድንገት ይለጎማል። «እንዴት ነው?» ሲሉት «አሪፍ ነው» ይላል። «አሪፍ ማለት?» ሲሉት «ቀይ ነዋ!» ብሎ ያርፋል።

ለዚህ ቁጥር ግጥም አምጡ ተብለን ነበር። ግጥሙን ለባለ ግጥሞቹ ትተን፣ ስለ አንድ ርካሽ ቀይ ወይን ጠጪዎች የሰጡትን ፍርድ ይዘን መጥተናል። ወይኑ ጉደር ነው፤ ዳኞቹ እኛው ነን። አንባቢ «ተማሪንና ወይንን ምን አገናኛቸው?» ሊል ይችላል፤ ይበል። ከመካከላችን አንዱ ይህንኑ ጥያቄ አጥብቆ ስለጠየቀ ነው ነገሩ ከጨዋታ አልፎ እዚህ ገጽ ላይ የደረሰው።

ሰባት ነን። አምስታችን ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴ ግቢ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች፣ ሁለታችን ከኮምቦልቻ ግቢ የምህንድስና ተማሪዎች። ስም መጥራት አያስፈልግም፤ በየሙያችን እንጠራራ። የታሪኩ ልጅ አለ፤ የአማርኛዋ ልጅ አለች፤ ዲያቆኑ አለ፤ የደላንታው ልጅ አለ። አምስተኛው ጸሐፊያችን ነው። እሱ ሙስሊም ነው፤ መጠጥ በአፉ አይዞርም። ብርዙን ይዞ ከእኛ ጋር ያመሻል። «የማይጠጣ ሰው ዳኛ ሊሆን አይችልም» ሲባል፣ «እኔ ለማንም አላዳላም፤ ለሁላችሁም እኩል አልጠጣም» ብሎ ደብተሩን ከፈተ። ከኮምቦልቻ የመጡት አንዱ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ የሚማረው ሲሆን ሌላው የዶርም ጓደኛው ነው። ከሰባታችን 21 ዓመት ያልሞላው የለም። ይህን የምንለው በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ከዚያ በታች ላለ ሰው መጠጥ እንዳይሸጥ ስለሚከለክል ነው።

ስለ ወይኑ ጥቂት እንበል። ጉደር ሲባል ከአምቦ ቀጥላ ያለችው ከተማ ትታወሳለች፤ ጠርሙሱ የሚሞላው ግን አዲስ አበባ፣ በአዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ነው። ለፋብሪካው ወይን ሲያቀርብ የኖረው እርሻ ደግሞ አርሲ ውስጥ በመርቲ ጀጁ ይገኛል። ጉደር ደረቅ ቀይ ነው፤ እህቱ አክሱሚት ጣፋጭ ቀይ ናት። ሠርግ ላይ ሴቶቹ ጠረጴዛ የምትቀርበው፣ ወንዶቹም «ለሴቶች ናት» እያሉ የሚጨርሷት አክሱሚት ናት። በኋላ ደግሞ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ዝዋይ ላይ፣ በዛሬዋ ባቱ፣ ወይን ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 አካሲያንና ሪፍት ቫሊን ገበያ አወጣ። እነዚህ ሁሉ በደሴ ፒያሳ ሱቆች መደርደሪያ ላይ ይታያሉ። የውጭ አገሩ ጠርሙስ ከላይ፣ አንገት የሚያስቀና ቦታ ላይ ተኮፍሶ ይቀመጣል። ጉደር ከታች፣ በጉልበታችን ትይዩ ነው። ጎንበስ ብሎ ነው የሚገዛው።

ዋጋውን አንጽፍም፤ ይህ ገጽ ተባዝቶ እጃችሁ እስኪገባ መለወጡ አይቀርምና። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ካለ ወዲህ ደግሞ ከምንከፍለው ላይ ከፊሉ ወደ መንግሥት ካዝና እንጂ ወደ ብርጭቋችን እንደማይገባ እናውቃለን። ርካሽ የምንለው ከጎረቤቶቹ ጋር ሲተያይ ነው። ለእኛ ለብቻ አይደፈርም፤ ስድስት ሰው አዋጥቶ፣ ሰባተኛው ቆሎውን ችሎ ነው አንድ ጠርሙስ የሚከፈተው። ይህንን አንባቢ ይያዝልን። ስድስት ሰው ያዋጣበት ነገር ስድስት ዓይነት አስተያየት ይፈጥራል።

ክርክሩን የጀመረው ሐረጎ ነው ማለት ይቻላል። ደሴ ጦሳ ሥር ተጠግታ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትቀመጣለች። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዳ፣ ቦርከና ዳር፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ተዘርግታለች። በመካከላቸው ያለው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ከላይ ጋቢ ደርቦ የተሳፈረ ሰው ከታች ሸሚዙን ከፍቶ ይወርዳል። የኮምቦልቻ ጓደኞቻችን የቢራ አገር ልጆች ናቸው፤ ፋብሪካው ደጃቸው ነው። ታዲያ አንድ ቀን ወደ ደሴ ብቅ ብለው «ጉደር እኮ ያቃጥላል፤ አረቄ የተጨመረበት ነው የሚመስለው» አሉ። የደሴዎቹ ተገረምን። እኛ የምናውቀው ጉደር ምላስ ይይዛል፣ ያደርቃል እንጂ አያቃጥልም። «ሌላ ጠርሙስ ነው የጠጣችሁት» አልናቸው። «እናንተ ናችሁ ሌላ የጠጣችሁት» አሉን። ነገሩ በአፍ የሚያልቅ አልሆነምና ሁለት ጠርሙስ ገዝተን አንዱን ላይ፣ አንዱን ታች ልንፈርድበት ተስማማን።

የመጀመሪያው ችሎት ደሴ ላይ፣ በታኅሣሥ ወር ምሽት ተሰየመ። ቦታው የአማርኛዋ ልጅ ከግቢ ውጭ የተከራየችው ክፍል ነው። አከራይዋ እማማ ጠላ ጠምቀው የሚያድሩ ሴት ናቸው፤ በራፋቸው ላይ ጣሳ የተደፋበት እንጨት ቆሟል። በመስኮቱ ስንጥቅ የሚገባው ብርድ አጥንት ይሰረስራል። ጸሐፊያችን እንዲህ መዝግቧል፦

የታሪኩ ልጅ ብርጭቆውን ወደ አምፖሉ አነሣ፤ አሸተተ፤ አዞረ፤ ጥቂት ወሰደና ዓይኑን ጨፈነ። «አካል አለው» አለ። የደላንታው ልጅ «አካል የሌለው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ማብራሪያ አልተሰጠም።

ዲያቆኑ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻ «ዘቢብ» አለ። ቤተ ክርስቲያን ለቁርባን የምታዘጋጀው ዘቢቡን በውሃ ዘፍዝፎ በመጭመቅ እንደሆነ፣ ሳይብላላ እንደሚቀርብ ነገረንና፣ «ከዚህ በላይ አላወዳድርም፤ እዚህ ላይ ይቁም» አለ። ቆመ።

የአማርኛዋ ልጅ «አጋም!» አለች። «ከእሾሁ መሀል ለቅመን፣ ሳይጠቁር የበላነው አጋም። ጥርስ ያጠርሳል።» ይህን ስትል የሁላችንም አፍ ምራቅ ሞላ። ከሰንጠረዡ ሁሉ ይህ አንድ ቃል ነበር ብርጭቆ ሳይነካ ለጸሐፊው ጭምር የገባው። «አጋምማ አውቃለሁ» ብሎ ከሥሩ አሰመረበት።

የደላንታው ልጅ «ርካሽ ነው፤ ተመስገን ብላችሁ ጠጡ» አለ። ጸሐፊው «ይህ ፍርድ አይደለም» ቢለውም «የኔ ፍርድ ይኸው ነው» አለና ቆሎውን ዘገነ።

በሳምንቱ ቅዳሜ በሐረጎ ቁልቁል ወርደን ኮምቦልቻ ገባን። ሁለተኛው ችሎት በቀትር ነበር። ጠርሙሱ ሱቅ ፊት ለፊት ፀሐይ ሲመታው የዋለ ነው። እውነትም ያቃጥላል! ገና ሳይደርስ አፍንጫ ይወጋል፤ አጋሙ የት እንደገባ አይታወቅም። የኬሚካሉ ልጅ የዶርም ጓደኛ ያለ ምንም ማመንታት ኮካ ቀላቀለበት። የታሪኩ ልጅ «ኮካ የጨመረ ሰው ከዳኝነት ይነሣ» ብሎ አቤቱታ አቀረበ። የተከሳሹ መልስ አጭር ነበር፦ «ምላሱ የኔ፣ መዋጮውም የኔ።» ችሎቱ አቤቱታውን ውድቅ አደረገ።

ከዚያ የኬሚካሉ ልጅ ነገሩን ፈታልን። ቀይ ወይን ውስጥ ያለው ምላስ የሚይዝ ነገር ታኒን ይባላል፤ ከወይኑ ልጣጭና ፍሬ የሚመጣ ነው። ለረጅም ጊዜ ተነክሮ የቆየ የሻይ ቅጠል ምላስ የሚያደርቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ቅዝቃዜ ይህን ማድረቁንና ምሬቱን ያጎላዋል። ሙቀት ደግሞ አልኮሉን ያስነሣውና አፍንጫ ላይ ያወጣዋል። ቀይ ወይን ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢጠጣ ይሻላል የሚባለው በሁለቱ መካከል ለማረቅ ነው። እንግዲህ ደሴ በታኅሣሥ ሌሊት ከዚያ በታች ናት፤ ኮምቦልቻ በቀትር ከዚያ በላይ ናት። ሁላችንም የጠጣነው አንድ ወይን ነው፤ ሐረጎ ነው ሁለት ያደረገው።

በቃል ብቻ አላመንነውም። የቀረውን ወይን ክዳኑን አጥብቀን፣ ጠርሙሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለን ባልዲ ውሃ ውስጥ አቆምነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስንቀዳው ቃጠሎው ረግቦ አጋሙ ተመልሶ መጣ። ኮካ የጨመረው ልጅ እንኳ በዚህ ጊዜ ባዶውን ጠጣና «እህ፣ ይኼማ ሌላ ነው» አለ። ደሴ ተመልሰን በተራው ሌላ ጠርሙስ ከከሰሉ ምድጃ ራቅ አድርገን አቆየነው፤ ብርጭቆውንም በሁለት እጃችን እንደ ስኒ አቀፍነው። ምላስ መያዙ ለዘብ አለ። ሌላ ቀን ደግሞ ጥብስ ተገኝቶ ስንቀምሰው ጭራሽ ተለወጠ። ሥጋውና ስቡ ታኒኑን ስለሚይዙት ማድረቁ የት እንደገባ ጠፋ። በቆሎ ሲጠጣ ኮስታራ የነበረው ጉደር በጥብስ ሲጠጣ ፈገግ አለ። ቆሎ ለሚበላ ተማሪ ይህ ግኝት ምን ያህል እንደሚጠቅም አንባቢ ይፍረድ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል እናንሣ። አያቶቻችን አገሩን ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብለው ሲከፍሉ መካከለኛውን በወይን ስም ጠሩት፤ ወይን የሚበቅልበት ደጋ ማለት ነው። በዚህ ስፍር ደሴ ደጋ ናት፤ ኮምቦልቻ ወይና ደጋ ናት። ኮምቦልቻ ላይ ስንፈርድበት የዋልነው መጠጥ በስሟ የተጠራ፣ ከሌላ አገር ግን በመኪና የመጣ ነው። የአማርኛዋ ልጅ ይህን ስትሰማ «ቃሉ እኛ ዘንድ ቀርቶ ፍሬው አርሲና ዝዋይ ሄደ» አለች። ሌላም ነገር አስተዋለች። የጉደር ጠርሙስ ላይ «ደረቅ» የሚለውን ስናይ ፈሳሽ እንዴት ይደርቃል ብለን ስቀን ነበር። የጠጅ ቤቱ ሰው ግን «ለስላሳ ነው ደረቅ ይምጣልህ?» ብሎ ሲጠይቀን አንስቅም። ቃሉ ጥንትም ከእኛ ቤት ነበር። ለወይን ቃል የለንም ያልነው ቃሉን ከጠጅ ቤት አውጥተን ለመጠቀም ስለፈራን ነው። የታሪኩን ልጅ «አካል» ማንም አልተረዳውም፤ «አጋም»ን ግን የማይጠጣው ጸሐፊ ተረዳው።

የዳኝነቱን ነገር አጣርተን ሳንጨርስ እማማ ገቡ። ሁለተኛው የደሴ ችሎት ላይ ነው። «ጠላዬ በራፍ ላይ እያለ ምን እየጠጣችሁ ነው ልጆቼ?» አሉ። አንድ ጉንጭ ቀመሱልን። ቀማመሳቸው እንደ ታሪኩ ልጅ አልነበረም፤ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። አጣጣሙ፤ ምላሳቸውን በላንቃቸው አሻሹ፤ «ጋኑ አልታጠነም» አሉ። እማማ ጋናቸውን በወይራ ጭስ ሳያጥኑ ጠላ አይጥሉም፤ የእንጨት ጠረን የሌለው መጠጥ ለእሳቸው ራቁቱን የወጣ ነው። ሳቅን። የታሪኩ ልጅ ግን አልሳቀም። ፈረንጆቹ ጥሩ የሚሉትን ቀይ ወይን በባሉጥ በርሜል የሚያቆዩት የእንጨቱ ጠረን እንዲገባበት መሆኑን አንብቧል። ጉንጭ ሙሉ እንኳ ሳይሞሉ እማማ የርካሹንና የውዱን ልዩነት አንዱን ነጥብ ነገሩን።

ያን ምሽት ጨዋታው ወደ ሌላ የዞረው በታሪኩ ልጅ ነው። የሚያውቀውን ነገር ሳይናገር ማደር አይችልም። «የዚህን ወይን ባለቤቶች ታውቃላችሁ?» አለ። አዋሽ ወይን ጠጅ ፋብሪካ ለረጅም ጊዜ በመንግሥት እጅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ግል ሲዛወር ከገዢዎቹ አንዱ ኤይት ማይልስ የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት ነበር። የዚያ ድርጅት ሊቀ መንበር ደግሞ የአየርላንዱ ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ነበር። ጌልዶፍ ማለት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 ከኮረም የተላለፈውን የረሃብ ዘገባ በቴሌቪዥን አይቶ ባንድ ኤይድን ያቋቋመው፣ በሐምሌ 1985 ላይቭ ኤይድን ያዘጋጀው ሰው ነው። ኮረም በዚያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ለተራበው ወሎ የዘመረውና ገንዘብ ያሰባሰበው ሰው ከ29 ዓመት በኋላ ወሎዬ ተማሪ ከሚጠጣው ወይን ጋር ስሙ ተገናኘ ማለት ነው።

ክፍሉ ውስጥ አንዱ ሳቀ፤ አንዱ «ይገርማል» አለ። የደላንታው ልጅ ግን ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«እኔ የምላችሁም ይኼንኑ ነው» አለ። የሴፍቲ ኔት እህል እየበላ ያደገ ልጅ ነው፤ አይደብቀውም። «እኛ ወይን ስናማርጥ አያምርብንም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በቴሌቪዥን የታየውን ፊልም ራስህ አይደለህ ያወራህልን?» አለና ወደ ታሪኩ ልጅ ዞረ። እውነት ነው፤ አውርቶልን ነበር። ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ የነበረውን ረሃብ የቀረጸበት ፊልም ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ ለሕዝብ ታየ። በረሃቡ ሥዕል መሀል የቤተ መንግሥት ድግስና የቅምጥል ኑሮ ሥዕል እየተሰካ ነበር የቀረበው። «ብርጭቆ የያዙትን ሰዎች አገር ሁሉ ጠላቸው። እነሱም ሲጠጡ አካል አለው ይሉ ነበር ይሆናል። አሁን እኛ ብርጭቆ ይዘን አጋም፣ ዘቢብ እንላለን። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ እዚህ ሰፈር ምን ተበላ? ማን አማረጠ? ርካሽ ነው፤ አግኝተናል፤ ተመስገን ብሎ ዝም ማለት ነው።»

ለዚህ የሚመጥን መልስ አልነበረንም። ዲያቆኑ ሊያበርድ «አብሽር» አለው፤ የጸሐፊያችንን ቃል ተውሶ። ጸሐፊያችን ራሱ ብዕሩን አኑሮ ነበር። ያነሣው ነገር ስድብ ቢሆን እንመልስለት ነበር፤ ክርክር ቢሆን እንከራከረው ነበር። ያነሣው ግን የቤቱን ነገር ነው።

የመለሱለት እማማ ናቸው። በሩ ላይ ቆመው ሲሰሙ ነበር። በ77 የ15 ዓመት ልጅ ሆነው ከቆቦ በኩል ኮረም ከደረሱት አንዷ እንደሆኑ ያን ጊዜ ነው ያወቅነው፤ የአማርኛዋ ልጅ እንኳ አልሰማችም ነበር።

«ስማኝ ልጄ» አሉት። «ያን ጊዜ ስንዴውን ዘገኑልኝ፣ በላሁ፣ ነፍሴ ተረፈች። የሰጠኝን ሁሉ፣ ዘፋኝም ይሁን ማንም፣ እግዜር ይስጠው። ግን ጣመሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ማንስ ይጠይቀኛል? እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። ሰው ሆንሁ ያልሁት መቼ ይመስልሃል? አገሬ ተመልሼ፣ እህል ተገኝቶ፣ የመጀመሪያውን ጠላ ጠምቄ ጎረቤቴን ብጠራት፣ ቀምሳ ‹ጌሾው አንሷል› አለችኝ። በዚያን ቀን ተቆጣሁ። ማታ ግን ተኝቼ ሳስበው አለቀስሁ። ሲርበን ጌሾው አነሰ የሚል ሰው አልነበረማ።»

ከዚያ ወደ ጠርሙሱ እያመለከቱ «ሠርተህ በገዛኸው ላይ፣ ጓደኞችህ በሰበሰቡት ሳንቲም ላይ ምላስህን የምትዘጋው ለማን ብለህ ነው? የሌላውን ጉሮሮ አትንጠቅ እንጂ የራስህን ተናገር» አሉና ወጡ። ጠላ የሚጠብቅ ሰው ነበራቸው።

እኛ ከዚህ በላይ ማብራሪያ ባንጨምር እንወዳለን፤ ግን ያሰብነውን እንናገር። የደላንታው ልጅ የጠላው ብርጭቆ በፊልሙ ውስጥ ያለውን ነው፤ በሌላው ረሃብ ላይ የተነሣውን። መጥላቱም ይገባዋል። እማማ የነገሩን ደግሞ የረሃብን ሌላ ጉዳት ነው። ረሃብ ሆድን ብቻ አይደለም ባዶ የሚያደርገው፤ «አልጣመኝም» የሚለውንም ቃል ከአፍ ያወጣል። እህሉ ከተመለሰ በኋላም ያ ቃል ቶሎ አይመለስም። ለርካሽ ነገር ፍርድ አይገባውም የሚል ሰው፣ ርካሽ ለሚገዛው ሰውም ምላስ አይገባውም እንደማለት ነው። ውድ ጠርሙስ የሚገዙትማ የሚፈርዱላቸው መጽሔትና ባለሙያ አሏቸው። ጎንበስ ብለን የምንገዛውን እኛ ካልፈረድንበት ማን ይፈርድበታል? ይህ በወይን ብቻ የሚቆም አይመስለንም። ስለ ዳቦው መጠን፣ ስለ ካፌው ወጥ፣ በዚህ ገጽ ስለሚወጣው ግጥምም ቢሆን «አለ፤ ተመስገን» ብለን ስናልፍ የኖርነው ብዙ ነው።

እማማ ከወጡ በኋላ የደላንታው ልጅ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ያስቀመጠውን ብርጭቆ አነሣ። በሁለት እጁ አቀፈው፤ ብርዱ ነበረ። ጠጣ፤ እንደ እማማም ምላሱን በላንቃው አሻሸ። ሁላችንም አፍ አፉን እናያለን።

«አልጣመኝም» አለ። ቀጥሎም፣ «መጨረሻው ላይ ይመራል፤ እንደ ግራዋ። መጀመሪያው ግን ደህና ነው፤ አጋሙ እውነት ነው።»

ጸሐፊያችን ብዕሩን አንሥቶ ቃል በቃል ጻፈው። ከሰንጠረዡ ረጅሙ ፍርድ የሱ ሆነ።

እንግዲህ ጠቅላላው ውሳኔ እንደሚከተለው ነው። ጉደር ያልበሰለ አጋም ነው፤ ጥርስ ያጠርሳል፤ በመጨረሻው ይመራል። ከጥብስ ጋር ይወደዳል፤ ከቆሎ ጋር ይቻላል፤ ለብቻው ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። በደሴ ብርጭቆውን በእጅ ማቀፍ፣ በኮምቦልቻ ጠርሙሱን ውሃ ውስጥ ማቆም ይገባል። የተከፈተ ጠርሙስ ውሎ ካደረ አየሩ ወደ ኮምጣጤ ስለሚወስደው፣ ትናንት ከተከፈተ ጠርሙስ በብርጭቆ ከሚሸጥ ቤት ጠንቀቅ ነው። ኮካ መጨመር አይከለከልም፤ ሁለት ድምፅ ተቃውሞ ተመዝግቧል። የማይጠጣን ሰው «አንድ ጉንጭ ብቻ» ብሎ መጨቅጨቅ ግን በሙሉ ድምፅ ተከልክሏል፤ ያለ ብርዝ ጠጪው ጸሐፊ ይህ ፍርድ ባልተጻፈም ነበር። አክሱሚትን በተመለከተ ሦስት ለሦስት ስለተከፋፈልን ጉዳዩ ለሌላ ቀን ተቀጥሯል።

በዚህ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ጠጪ ካለ፣ ከሐረጎ በላይም ይሁን በታች፣ ያጣጣመውን በራሱ ቃል ጽፎ ለአዘጋጆቹ ይስጥ። «አሪፍ ነው» የሚል ጽሑፍ ግን አንቀበልም።